ደሞዝ አላት፤ ዋስትናስ?

ደጋፊ፦ በወር መጨረሻ በራሷ ስም ገንዘብ የሚገባላት ሴትና ከሌላ ሰው እጅ የምትጠብቅ ሴት አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም፣ እትዬ። የመጀመሪያዋ ልጇን ቢያተኩሰው ሐኪም ቤት ለመውሰድ ማንንም አታስፈቅድም። ትዳሯ የማይቻል ቢሆንባት የሁለት ወር የቤት ኪራይ ከፍላ የምትወጣበት አቅም አላት። ሴቶች ደሞዝ ወደሚከፈልበት ሥራ በብዛት ይግቡ ሲባል እኔ ከሁሉ በፊት የሚታየኝ ይህ ነው። የአገር ዕድገቱና የውጭ ምንዛሪው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሞጋች፦ ይህን አልክድም፣ ልጄ። የሚያሳስበኝ «ሥራ ያዘች» ከተባለ በኋላ ያለው ነው። የኢትዮጵያ ሴት ሥራ ፈትታ አታውቅም። ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ታርማለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ የታመመ ታስታምማለች። ከፋይ አልነበራትም እንጂ ሥራውስ ነበረ። ደሞዝ የሚያስገኘው ሥራ ሲመጣ ያ የቀድሞው አይነሳላትም፤ በላዩ ይደረብባታል። ማታ ከፋብሪካ ገብታ እንጀራ የምትጋግረው እሷው ናት።

ደጋፊ፦ ይደረብባታልና አትሥራ እንበላት?

ሞጋች፦ እንደሱ አላልኩም። ደሞዝና ዋስትና አንድ ናቸው አትበይኝ ነው ያልኩሽ።

ደጋፊ፦ መልካም። ግን ደሞዙ ላይ ለመድረስ ራሱ ምን እንደፈጀ እናስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎት ነበር። ሚስት ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባታል ይላል። አንዱ ተጋቢ የመረጠውን ሥራ ሌላው ለቤተሰቡ ጥቅም ሲል ሊቃወም እንደሚችልም ይደነግጋል። ቃሉ ለሁለቱም ተጻፈ እንጂ ማን ማንን ይከለክል እንደነበር የታወቀ ነው። ባል የቤት ሠራተኛ ሊያቀርብላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ ልትሠራ ትገደዳለች የሚል አንቀጽም ነበረው። የሕጉ የቤተሰብ ክፍል አርባ ዓመት ቆይቶ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው የተሻረው።

ሞጋች፦ በወረቀት።

ደጋፊ፦ በወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ በኑሮ ላይ ባልታየ ነበር። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስለሚያወጡ ለውጡ አገሪቱን በአንድ ጊዜ አላዳረሰም፤ በመጀመሪያ በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሦስት ክልሎች ነው ሥራ ላይ የዋለው። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ይህን አጋጣሚ ይዘው ሕጉ ቀድሞ የደረሰባቸውን ቦታዎች ገና ካልደረሰባቸው ጋር አስተያዩ። ሕጉ በደረሰበት ሴቶች ከቤት ውጭ፣ በሙሉ ጊዜና የተሻለ ክህሎት በሚጠይቅ ሥራ ላይ ተሰማርተው የመገኘታቸው ነገር ጎላ ብሎ ታየ። ፋብሪካ አልተከፈተላቸውም፣ ድጎማም አልተሰጣቸውም። የተነሳው ክልከላው ነው።

ሞጋች፦ ይኼኛው ማስረጃሽ ጠንካራ ነው። አሁን ግን የትኛውን ሥራ እንደምታወሪ ንገሪኝ። ሐዋሳን እናንሳ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60,000 ሰው ይቀጥራል የሚል ዕቅድ ነበር። የገቡት አብዛኞቹ ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት የመነሻ ደሞዛቸው በወር 26 ዶላር እንደሆነ፣ ይህም ለዓለም ገበያ ልብስ ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው እንደሆነ ጻፉ። በዚህ ደሞዝ ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ምግብ አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ ወደ ቤተሰብ የሚላክም አለ። ዋስትና የምትይው ከየትኛው ላይ ተርፎ ነው የሚቆረጠው?

ደጋፊ፦ ደሞዙ ማነሱ አያከራክርም። ማነጻጸር ያለብን ግን ከምን ጋር ነው? ያቺ ልጅ ሐዋሳ ባትመጣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ትዳር ይጠብቃት ነበር፤ ወይም ሰው ቤት መቀጠር፤ ወይም ከነጭራሹ ሥራ ማጣት። በከተሞች የሴቶች ሥራ አጥነት የወንዶቹን እጥፍ ያህል ሆኖ ነው የኖረው።

ሞጋች፦ ያንን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የፈለጉ አሉ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እዚሁ አገራችን በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ካመለከቱት ውስጥ ወደ 1,000 የሚጠጉትን በዕጣ ለዩ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ለአንዱ ወገን የፋብሪካው ሥራ ተሰጠው። ለሌላው 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ሥልጠና። ለሦስተኛው ምንም። በዓመቱ ሲታይ ፋብሪካ የገቡት ገቢ ምንም ካልተሰጣቸው ሰዎች ገቢ አልበለጠም። በእነሱ ላይ የበዛው የጤና ችግር ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀው ወጥተዋል።

ደጋፊ፦ ጥናቱን እስከ መጨረሻው እንውሰደው እንጂ። ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከፋይ ያለው ሥራ ማለት የፋብሪካ ወንበር ብቻ አይደለም። ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትቸረችረው፣ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክበው፣ በየጥጉ ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጠው ሁሉ በዚህ ውስጥ አለች። የሚጎድላት መነሻ ገንዘብ ነው።

ሞጋች፦ አንቺም እስከ መጨረሻው ውሰጂው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ በሦስቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቷል። የ33 በመቶው ብልጫም የለ፣ ፋብሪካ የገቡት የጤና ጉዳትም የለ። አንድ ጊዜ የተሰጠ ገንዘብ ፈጠን ያለ ጅምር ይሰጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ሕመም፣ ልቅሶና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አይሸከምም። መነሻ ገንዘቡ ብድር ሲሆን ደግሞ ውጤቱ ከዚህም ያነሰ ነው። በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች አነስተኛ ብድር ሲስፋፋ የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ተበዳሪው እንደበዛ፣ የሴቶቹ በቤታቸው ውስጥ የመወሰን አቅም ግን እምብዛም እንዳልተለወጠ አሳይቷል።

ደጋፊ፦ ይሁን እንጂ ፋብሪካውን የለቀቁት ተሸንፈው ነው የለቀቁት ያለው ማነው? ብዙዎቹ ሥራውን እንደ መሸጋገሪያ ነበር ያዩት። ከተማ አወቁ፣ የባንክ ደብተር አወጡ፣ አለቃ እንዴት እንደሚያዝ ተማሩ። አንዳንዷ ያጠራቀመችውን ይዛ ፀጉር ቤት ትከፍታለች፤ አንዳንዷ ኮሌጅ ትመለሳለች። በቤተሰቧ ፊት «ራሷን ችላ የኖረች» የሚል ስም ይዛ ነው የምትመለሰው። ይህን የገቢ ሠንጠረዥ አይለካውም።

ሞጋች፦ መሸጋገሪያው ራሱ በእሷ እጅ አይደለም። በኢትዮጵያ የነበረው ጦርነት ምክንያት ሆኖ አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። በሐዋሳ ፓርክ ግንባር ቀደም የነበረው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ከዚያ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። መርፌውን ይዛ የነበረችው ልጅ በውሳኔው ውስጥ ድምፅ አልነበራትም። የሥራ አጥነት መድን የሚባል ነገር በአገራችን የለም። የቤት ኪራዩ ግን በወሩ መጣ። ደሞዝ ብቻውን ዋስትና አይሆንም ስል ይህችን ልጅ እያሰብኩ ነው።

ደጋፊ፦ ስለዚህ ፋብሪካው ባይከፈት ይሻል ነበር?

ሞጋች፦ ይከፈት። የደሞዝ ወለል ይኑረው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን ደሞዝ የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ከፋብሪካ ቁጥር በፊት እኔ የምጠይቀው የዚያን ቦርድ ነገር ነው።

ደጋፊ፦ በዚህ አንለያይም። እንዲያውም መደበኛ ቅጥር ከጉልቱ የሚለይበትን ልጨምርበት፦ ጡረታ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የግል ድርጅት ሠራተኛም በጡረታ ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ከደሞዟ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርላታል። ይህ ባል የማያውቀው፣ ወንድም የማይበደረው፣ ዘመድ ለሠርግ የማይጠይቀው ገንዘብ ነው። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ስድሳ ዓመት ሲሞላት ልጆቿን ነው የምትጠብቀው። የፋብሪካዋ ሠራተኛ በየወሩ የሚከፈላት አለ።

ሞጋች፦ አሥር ዓመት ካገለገለች። ወር በወር የሚከፈል ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ አሥር ዓመት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ በዓመቱ የሚለቁበት ሥራ ላይ አሥር ዓመት የምትሞላው ስንቷ ናት?

ደጋፊ፦ አሥሩ ዓመት በአንድ ቤት መሆን የለበትም፣ እትዬ። ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው፣ ከግሉ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ብትዛወር አገልግሎቷ ይደመራል። የጡረታ መለያ ቁጥሯን መያዝ፣ አሠሪው የቆረጠውን ማስገባቱን መከታተል ነው የሚጠበቅባት። ብዙዋ ሴት ይህን ስለማታውቅ ከባዶ ትጀምራለች። ይህ ማስተማር የሚያስተካክለው ነገር ነው።

ሞጋች፦ ልጅ ስትወልድስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የወሊድ ፈቃዱን ከ90 ቀን ወደ 120 ቀን ከፍ አድርጎታል፤ እሰየው። ለአባትየው የተሰጠው ግን 3 ቀን ነው። ሕጉ ልጁ የማን ሥራ እንደሆነ በቁጥር ተናገረ። አሠሪውም ይህን ቁጥር ያነባል፤ ወጣት ሴትና ወጣት ወንድ እኩል ሆነው ሲቀርቡለት ማንን እንደሚመርጥ አስቢው። ከ120ው ቀን በኋላስ ሕፃኑን ማን ይይዘዋል? በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዟል። ያ ግዴታ የተጻፈው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ቡና መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ ፍሬ ስትለቅም የምትውለዋ እናትስ? ልጇን በጀርባዋ አዝላ ነው የምትሠራው፤ ወይ ታላቅ እህቱ ከትምህርት ቤት ቀርታ ትይዘዋለች። አየሽ፣ የእናቲቱ ደሞዝ የሴት ልጇን ትምህርት በልቶ የመጣበት ጊዜ አለ።

ደጋፊ፦ ይህ ከባድ ነው። መልሱ ግን ማቆያውን ማብዛት ነው እንጂ እናቲቱን ማስቀረት አይደለም። የእናቲቱ ገንዘብ ባይኖር ሴት ልጇ ትምህርት ቤት ለመግባት ደብተርም አታገኝም ነበር። ደግሞ ገንዘብ ያላት ሴት በቤቷ ውስጥ ትከበራለች። እጅ የሚያነሳባት ባል ሁለቴ ያስባል።

ሞጋች፦ ይህን ብዙ ሰው ይላል፤ እኔም እውነት እንዲሆን እመኛለሁ። ግን በኢትዮጵያ 27 ድርጅቶች እኩል ብቃት ካላቸው ሴት አመልካቾች መካከል በዕጣ እንዲቀጥሩ ተደርጎ ተጠንቷል። የተቀጠሩት ገቢ አገኙ። ከባል የሚደርስባቸው ጥቃት ግን አልቀነሰም፤ አልጨመረምም። ድብደባን የሚያስቀረው ደሞዝ ነው ብለን ፖሊሱንና ፍርድ ቤቱን ከኃላፊነት አናውርድ።

ደጋፊ፦ አለመጨመሩም ቀላል ነገር አይደለም። ሚስት ገንዘብ ስታገኝ ባል ይከፋል፣ ቤት ይበጠበጣል እያሉ የሚያስፈራሩ ነበሩ። አልሆነም። ደግሞ ደሞዙ ምን እንደሚያደርግ የሚታየው ልትሄድ በወሰነችበት ቀን ነው።

ሞጋች፦ በወሰነችበት ቀን የሚጠይቋት ስለ ንብረት ነው። እዚህ ላይ አንቺ ያመሰገንሽው የቤተሰብ ሕግ የሚለውን ተመልከቺ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ሁሉ የጋራ ነው። በአንዳቸው ስም ቢመዘገብ እንኳ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ከ500 ብር በላይ ብድር ለመበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመት የኖሩትም ያፈሩት የጋራ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ ደሞዝ ተከፍሏት የማታውቅ የቤት እመቤት በሕግ የቤቱ ግማሽ አላት። ደሞዝተኛዋ ደግሞ ጥርሷን ነክሳ ያጠራቀመችው ለሁለት ይከፈላል። ታዲያ ከሁለቱ ዋስትና ያላት የትኛዋ ናት? ደሞዝ ነው ዋስትናው ስትይ ሕጉ ራሱ ሌላ ነገር እየነገረሽ ነው።

ደጋፊ፦ ሕጉ ያለው የቤት ውስጥ ድካም ከደሞዝ እኩል ይቆጠር ነው። ያ ትክክል ነው፤ ደሞዝተኛዋም ብትሆን ልትቆጭበት አይገባም። ነገር ግን ግማሹን በሕግ መያዝና በእጅ መያዝ ይለያያሉ። ጠበቃ በገንዘብ ነው። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ትራንስፖርት በገንዘብ ነው። ክርክሩ ሁለት ዓመት ቢፈጅ በዚያ ሁለት ዓመት ልጆቿ ይበላሉ። ገቢ የሌላት ሴት ድርሻዋን ከመቀበሏ በፊት ደክሟት በሽማግሌ ትስማማለች፤ የምትስማማበትም ከግማሽ በታች በሆነ ነው። ደሞዟ ያስገኘላት መብቱን ሳይሆን መብቱን የምትጠብቅበትን ጊዜ ነው።

ሞጋች፦ ጥሩ አልሽ። ይህን መልስ እወስደዋለሁ።

ደጋፊ፦ የንብረቱ ነገር ደግሞ ብቻውን የቆመ አይደለም። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ነው የተለጠፈው፤ ያ ደብተር በሷም ስም ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ከኮንዶሚኒየም ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ይወጣ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ለብዙ ሺህ ሴቶች ስማቸው የተጻፈበት የመጀመሪያ ንብረት ናቸው።

ሞጋች፦ አሁን የእኔን ነገር ነው የተናገርሽው! መሬቱም ዕጣውም ደሞዝ አይደለም። በስሟ የተጻፈ ንብረት ነው።

ደጋፊ፦ ዕጣው እኮ ሲወጣ መክፈል አለ። ቅድሚያ ክፍያውን አጠራቅማ ካልጠበቀች፣ ቀሪውን የባንክ ብድር ወር በወር ካልከፈለች ቤቱ አይቆይላትም። ደሞዝ የሌላት ሴት ዕጣው ቢወጣላት አከራይታው እሷ ጠባብ ክፍል ትኖራለች፣ አሊያም ትለቀዋለች። ንብረቱ ዋስትና የሚሆነው ገቢ ሲኖራት ነው፤ ገቢዋም ዋስትና የሚሆነው ወደ ንብረት ሲዞር ነው። አንዱን ከአንዱ አልለይም።

ሞጋች፦ ወደ ንብረት ሳይዞር በባንክ ሲቆይ ግን እናውቀዋለን። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። «ቆጥቢ» የተባለችው ሴት ታዝዛ ቆጠበች፤ በደብተሯ ላይ ያለው ቁጥር አልተነካም፤ የሚገዛው ጤፍ ግን አነሰ። ወርቅ የገዛችው፣ አንድ ጥጃ ያሳደገችው፣ ቆርቆሮ ገዝታ ግድግዳ ሥር ያቆመችው ነው የተረፋት።

ደጋፊ፦ ስለዚህ ነው ዕቁብ ያልሞተው። ዋጋ በየወሩ በሚንርበት ጊዜ ዕቁብ ቀድሞ የሚወጣላት ሴት ገንዘቧን ቶሎ ወደ ዕቃ ትለውጣለች። መጨረሻ የሚወጣላት ደግሞ የከሰረች ናት። ሰብሳቢዋ አስተዋይ ከሆነች ሥራ ልትጀምር ላለችው ቀደም ብላ ታስወጣላታለች። ባንኮቹም ቢሆኑ ቆመው አልቀሩም። እናት ባንክ በ2005 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መሥራቾቹ ሴቶች ነበሩ፤ የቦርድ ሰብሳቢዋም በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቴሌብር አለ። ገጠር ያለች ሴት ዶሮ ሸጣ ገንዘቡን በስልኳ ስትቀበል መቀነቷን የሚፈታ የለም።

ሞጋች፦ ስልኩ የሷ ከሆነ፤ የምሥጢር ቁጥሩንም ልጇ ወይም ባሏ ካልያዘው። ግን ከዚህ የባሰውን ላንሳልሽ። በአገራችን ሴቶች ካገኙት ደሞዝ ሁሉ ትልቁ የሚባለው የዓረብ አገሩ ነው። እዚያ የሄደችው ልጅ የላከችው ለማን ገባ? ለአባቷ፣ ለወንድሟ። ወንድም መሬት ገዛ፤ ካርታው በወንድም ስም ወጣ። ባጃጅ ተገዛ፤ ሊብሬው በወንድም ስም ወጣ። ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ስትመለስ በላከችው ብር በተሠራ ቤት እንግዳ ሆና ትቀመጣለች። ደሞዙ እውነተኛ ነበር፣ ድካሙም። ዋስትናው ግን ለሌላ ሰው ሄደ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ስትመልስ ስንቶቹ በፌስታል ልብስ ይዘው ቦሌ ወረዱ! በ2012 ዓ.ም. ቤይሩት ውስጥ ቀጣሪዎች ደሞዝ ሳይከፍሉ ሴቶቹን ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ።

ደጋፊ፦ ይህን ለማስተካከል ነው በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የወጣው። ስምምነት ወዳልተደረገበት አገር መላክ ተከለከለ። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት፣ ትምህርቷ ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል መሆን አለበት ተባለ። ውል፣ መድን፣ ኃላፊነት የሚወስድ ኤጀንሲ ተደነገገ። የቤተሰቡን ነገር ግን አዋጅ አይደርስበትም። እሱን የሚያስተካክለው ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም ሒሳብ መክፈት፣ ለቤተሰብ የምትሰጠውንና ለራሷ የምታስቀምጠውን ከመጀመሪያው ወር መለየት ነው። እናትና አባት ቅር ይላቸዋል። ቅር ይበላቸው።

ሞጋች፦ አዋጁን አንቺው ስላነሳሽው ደስ አለኝ። ሪያድ ሰው ቤት ልትሠራ ለምትሄደው ሴት መንግሥት የዕድሜ ወለል፣ የተጻፈ ውልና መድን ጠይቋል። ቦሌ ወይም ባሕር ዳር ሰው ቤት ለምትሠራዋስ? የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አይመለከታትም። በግል ቤት የሚሰጥ አገልግሎት ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፏታል። የቀሯት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ያሉ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። የሥራ ሰዓቷ እመቤቷ እስክትተኛ ነው። ደሞዟን ደላላውና እመቤቲቱ ይነጋገሩበታል። የጡረታ መዋጮ የሚቆርጥላት የለም። ከገጠር ወደ ከተማ ለሚመጡ ሴት ልጆች የመጀመሪያው በር ደግሞ ይኸው ሥራ ነው። አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅሽ፦ ባንክ፣ ቢሮ፣ ፍርድ ቤት ለሚሠሩት ሴቶች የምትይው ነፃነት የቆመው በማን ጉልበት ላይ ነው?

ደጋፊ፦ በእነሱ። ይህን መካድ አልችልም። የድሮው ሕግ ባል ሠራተኛ ካላቀረበላት ሚስት ትሥራ ይል ነበር፤ ዛሬ ሠራተኛዋን የምትቀጥረው ሚስትየዋ ናት፣ ከራሷ ደሞዝ ላይ ቀንሳ። ባሎች በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገቡም። ቤቱ ውስጥ ካሉት ሦስት ጎልማሶች ሁለቱ ሴቶች ጭነቱን ተከፋፈሉት፤ ሦስተኛው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጧል። እኔ ግን አሁንም የሥራውን በር አልዘጋም። ያቺ ልጅ ሰው ቤት ገብታ የማታ ትምህርት ከተማረች፣ ደሞዟ በእጇ ሳይሆን በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ከገባ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ቦታ ልትገኝ ትችላለች። ያለ ደሞዝ አክስቷ ቤት ብትቀመጥ «ዘመድ ናት» ተብላ ያንኑ ሥራ በነፃ ነበር የምትሠራው።

ሞጋች፦ ያ በእመቤቷ ደግነት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ደግነት ዋስትና አይደለም። የሳምንት ዕረፍቷ፣ የማታ ትምህርቷ፣ የታመመች ቀን የሚከፈላት ደሞዝ በሕግ የተጻፈ መሆን አለበት። ለሪያድ የተቻለ ለአዲስ አበባ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ደጋፊ፦ አዎ፤ ይጻፍ። እስኪጻፍ ግን ይህን የምታነብ፣ ቤቷ ሠራተኛ ያለች ሴት ዛሬ ልታደርገው የምትችለው አለ፤ ባሏም እንዲሁ። ልጅቷን ወደ ባንክ ወስደው በራሷ ስም ሒሳብ ይክፈቱላት፤ ደሞዟን ወር በወር በዚያ ያስገቡላት። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ይልቀቋት። የማታ ትምህርት ቤት ይመዝግቧት፤ በዚያ ሰዓት ሳህኑን ባልየው ይጠብ።

ሞጋች፦ የሚኒስትሮች ምክር ቤቱም የቤት ሠራተኞችን ደንብ፣ የደሞዝ ቦርዱንም ነገር ከአዋጁ ገጽ አውጥቶ ሥራ ላይ ያውለው። ሁለቱም በ2011ዱ አዋጅ የተጻፉ ናቸው።